እጅ የሚደርስበት

ኑርዬ ቀዩን ቁልፍ ለአራተኛ ጊዜ ተጫነው። የልጁ የኢቲሳም ስልክ መደቡ ላይ ጮኸ።

"ደወለ" አለ፣ ስልኩንና አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ዕቃ በየተራ እያየ። "ሪያድም ሆነሽ እንዲሁ ይጮሃል?"

"ይጮሃል አባ። በቃ አትጫነው፣ ካርዱን ትጨርሰዋለህ።"

ኢቲሳም ከነገ ወዲያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ባለፈው ወር አባቷ ከሱብሂ ሶላት በፊት ጓሮ ወድቆ ፀሐይ እስክትወጣ መሬት ላይ መቆየቱን የነገረቻት ጎረቤታቸው አሰገደች ናት፤ እሱማ ትንሽ አዳልጦኝ ነበር ብሎ ነው ያለፈው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም አያድርበትም። ስለዚህ አንድ ነገር ሳትመርጥለት መሄድ አልሆነላትም።

መደቡ ላይ ሦስት ዕቃ ነበር። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ከሪያድ አምጥታዋለች። ሁለተኛው ቁጥሩ ትልልቅ፣ ጀርባው ላይ የጥሪ ቁልፍ ያለው ስልክ ነው። ሦስተኛው ሱቅ ያለው ሀሚድ ካልወሰድሽ ብሎ የሸጠላት የበር ደወል ነው፤ ቁልፉን እዚህ ሲጫኑት፣ ያለ ሽቦ እዚያ ማዶ ይጮሃል።

ኑርዬ ዓሣ አጥማጅ በነበረበት ዘመን የተቀደደ መረብ እንደሚፈትሽ እያንዳንዱን አገላብጦ አየ። ባትሪው ሲያልቅ ይናገራል ወይ? የት እንደወደቅሁስ ያውቃል? ኔትወርክ እንደ ጦርነቱ ጊዜ ድርግም ቢልስ? ያኔ ኢቲሳም ሪያድ ሆና ድምፁን ሳትሰማ ስትከርም፣ እሱና አሰገደች በየአጥራቸው ማረሻ ሰቅለው ይጠራሩ ነበር። አንድ ጊዜ ከተመታ ደህና ነኝ፣ ከተደጋገመ ድረሱልኝ ነው።

አሰገደች በአጥሩ ሽንቁር ገባችና አየችው።

"ሙሽራ መስለሃል አያ ኑርዬ። ሐብሉ ያምርብሃል።"

"ከቀናሽ ለአንቺም ታምጣልሽ።"

ኢቲሳም አልሳቀችም። እንዴት እንደወደቀ እንዲያሳያት ለመነችው።

ደስ ብሎት ተነሳ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለ። ቀጥሎ፣ ልብም ሳይል፣ የአንገቱን ዕቃ በራሱ ላይ አውልቆ ከሰዓቱ ጎን አንጠለጠለው። እጅጌውን ሰበሰበ፤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጓሮ ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ምስማሩን አዩት።

"አባ፣ ለምን አወለቅኸው?"

"ዉዱእ ላደርግ ነዋ። ሰዓቱንስ አውልቄ የለ?"

"ውሃ አይጎዳውም እኮ።"

"እሱን ባይጎዳው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወልቅ የኖርሁትን ዛሬ በምን እተወዋለሁ?"

እሱ የወደቀ ለት ስልኩም አልጋው ላይ እንደነበር ኢቲሳም ትዝ አላት። የሀሚድን ደወል አነሳች፤ የሚጮኸውን ክፍል ባትሪ አስገብታ አሰገደች ቤት አስቀመጠችና ተመልሳ ቁልፉን ተጫነች። ከአጥሩ ማዶ የወፍ ድምፅ ተንጫጫ። ኑርዬ ቁልፉን ተቀብሎ ደጋግሞ ተጫነ።

"ይኼ ኔትወርክ አይጠይቅም?"

"አይጠይቅም። ግን..." ኢቲሳም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ አልሰማውም።"

"አንቺ ሪያድ ሆነሽ ብትሰሚ" አለች አሰገደች፣ "መጀመሪያ የምትደውይው ለኔ አይደል?"

ኑርዬ ቁልፉን በሩ መቃን ላይ፣ በዓይኑ ትክክል ለክቶ በምስማር ሊመታው ሲል ኢቲሳም ከእጁ ወሰደችው። ወደ ድንጋዩ ሄዳ፣ ለመንገድ ያዘጋጀችውን አባያ እንደለበሰች እርጥቡ መሬት ላይ ተጋደመች።

"ይቺ ልጅ ምን ነካት?" አለ ኑርዬ።

"በየት ጎንህ ነው የወደቅኸው?"

"በቀኜ። ተነሺ፣ ልብስሽ በጭቃ ተበላሸ።"

በቀኟ ዞረች። ግራ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች፤ ጣቶቿ የጭቃውን ምርግ ነኩ። አሰገደች ከሰል አምጥታ ቦታው ላይ ምልክት አደረገች።

ኑርዬ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አየ፤ የራሱን ክንድ አየ።

"ትንሽ ዝቅ አድርጊው" አለ። "የኔ እጅ ካንቺ ያጥራል።"

ኢቲሳም ቁልፉን ዝቅ አድርጋ መታችው።