ሰማያዊው ስክሪን እና የእንቁ ሠርግ

የፈይዛ ኮምፒውተር ቀላል ሥራ ሲሰጡት ጨዋ ነው። ፎቶ ያትማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፊልም ያሳያል። የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራ ጨርሳ ወደ አንድ ፋይል ላውጣው ስትል ግን ጠባዩ ይለወጣል። ትንሽ እንደሄደ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ በነጭ ፊደል አንድ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ከዚያ እልም ብሎ ይጠፋና ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይነሣል። የቪዲዮው ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፈይዛ ከኩዌት ከተመለሰች ወዲህ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ሠርግ ትቀርጻለች። ሙያውን የለመደችውም እዚያው ኩዌት ነው። የአሠሪዋ ሴት ልጅ እየዞረች ሠርግ ትቀርጽ ነበርና፣ ፈይዛ መብራት ተሸክማ ስትከተላት መጀመሪያ ካሜራ መያዙን፣ ቀጥሎም ማቀናበሩን ቀስ በቀስ አወቀችው። ወደ አገሯ ስትገባ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ የካሜራ ዕቃ ይበዛ ነበር። ኮምፒውተሩን ደሴ ገዝታ፣ መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ ነው ያመጣችው።

እናቷ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ኮምፒውተሩን ከልጃቸው እኩል ወደዱት። ፈይዛ ስታቀናብር አጠገቧ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ እየፈተሉ የሰውን ሠርግ ሁሉ ያያሉ። ዝም ብለው አያዩም ታዲያ።

«ያቺን ሴትዮ ቀንሺያት። በሄድሽበት ሁሉ እሷው ናት» ይላሉ። «የአጎትየውን ጭፈራ ግን እንዳትነኪብኝ።»

ፈይዛም ትሰማቸዋለች፤ ደንበኞቿ ደጋግመው የሚያዩት እናቷ የመረጡትን ቦታ መሆኑን ከደረሰችበት ቆይታለች።

አሁን በእጇ ያለው የእንቁ ሠርግ ነው። እንቁ የጎረቤታቸው የአቶ ክንፈ ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ ሰርካለም ሳዑዲ ሥራ ላይ ስላለች ለሠርጉ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ አቶ ክንፈ አንድ ነገር አሰቡ፤ ቅዳሜ ሁለቱ ቤተሰቦች ለቅልቅሉ ሲሰበሰቡ ቪዲዮው ለሁሉም እንዲታይ፣ ሰርካለምም በዚያው ሰዓት በስልኳ አብራ እንድታይ። ሰርካለም ይህን ስትሰማ አሠሪዎቿን ለምና ለዚያን ቀን ፈቃድ አገኘች።

ሐሙስ ጠዋት ቪዲዮው እንደገና ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ፈይዛ ያልሞከረችው የለም። ቫይረስ ነው ሲሏት አስፈተሸችው። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ሲሏት ስቴብላይዘር ገዛች። ፎርማት ይደረግ ያላት ሰው ብዙ ስለነበር እሱንም አደረገች። ስክሪኑ አሁንም ሰማያዊ ነው።

አቶ ክንፈ በር ላይ ቆመው ፊቷን አዩና ነገሩ ገባቸው።

«ደግሞ ሰማይ ሆነ እንዴ?»

«ሆነ ጋሼ ክንፈ።»

«አብሽሪ ልጄ። ካልደረሰም እኛው በስልክ እንተርክላታለን። ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደጨፈረ፣ አንድ በአንድ።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ነበር። ፈይዛ ግን ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሷም ኩዌት ሳለች የወንድሟን ሠርግ በስልክ ሲተርኩላት ነው የሰማችው፤ ምን እንደሚጎድለው ታውቃለች።

እሳቸው እንደሄዱ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ሰጥቷት ወደነበረው ስልክ ቁጥር ደወለች። ባለ ቁጥሩ ወረኢሉ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን መሐሙድ የሚባል ሰው ነው። አይታው አታውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወአለይኩም ሰላም» አለ መሐሙድ። የእሷን ጤና፣ የቤተሰቡን ጤና፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ይበሉ እህቴ፣ ሰማያዊ የሚሆነው ምን ሲሠሩ ነው?» አላት።

«ቪዲዮ ሳወጣ ብቻ። ሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ምንም አይል።»

«ጥሩ ነገር ነገሩኝ። ሲከብደው ነው ማለት ነው። ወይ ይሞቃል፣ ወይ ሜሞሪው የሆነ ቦታ ላይ ይስታል። ቀላል ሥራ ሲሆን ከሜሞሪው ጥቂቱን ብቻ ስለሚጠቀም አይታወቅበትም። አሁን ሆን ብለው ያስከፉት። ሰማያዊ ሲሆን ጽሑፉን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

ፈይዛ ስልኳን ስክሪኑ ላይ ደግና ቁጭ አለች። ያንን ስክሪን ናፍቃ ስትጠብቀው የመጀመሪያዋ ነው። ሲመጣ ደስ ብሏት ፎቶ አነሣችና ላከችለት።

«ሜሞሪ የሚል ቃል አለበት» አለ መሐሙድ ፎቶውን አይቶ። «ግን ይኼ ጽሑፍ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ዝም ብለን አናምነውም። አንድ በአንድ እናጣራ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር እንዳትቀይሪ፤ ከዳነ በየትኛው እንደዳነ አናውቅም።»

«እንዳትቀይሪ» ማለቱን ፈይዛ ልብ አለችው። አንቱታው የት ላይ እንደቀረ ግን አላስታወሰችም። ቅር አላላትም።

መጀመሪያ ሙቀቱን አጣሩ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም በመካነ ሰላም ብርድ የሚሞቅ ዕቃ መኖሩን ሲሰሙ ሳቁ፤ እውነትም ሲለካ ሙቀቱ ደህና ሆነ። ሜሞሪው ቀረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ሜሞሪ አለ፤ አንዱ አብሮት የመጣ፣ ሌላው ፈይዛ በኋላ ገዝታ ራሷ የጨመረችው።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ደውዪልኝ። አብረን እናወጣዋለን» አላት።

ዓርብ ከሰዓት ፈይዛ መብራቱን ነቅላ፣ እሱ በስልክ እየነገራት አዲሱን ሜሞሪ አወጣችው። አሮጌው ብቻውን ሲቀር ለሙከራ ያስጀመረችው አጭር ቪዲዮ ያለ አንዳች ችግር አለቀ።

«አዲሱ ነው የተበላሸው» አለች ፈይዛ። ደስታዋ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ረጅሙ የእንቁ ቪዲዮ በአንድ ሜሞሪ አይወጣም።

«አትቸኩይ። አሁን አሮጌውን አውጪና አዲሱን በሱ ቦታ ብቻውን ሰክተሽ ሞክሪው።»

ሞከረችው። እሱም ሠራ። ፈይዛ ግራ ገባት።

«ሁለቱም ደህና ናቸው እኮ። ታዲያ ማነው ጥፋተኛው?»

«አየሽ?» አለ መሐሙድ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ሁለቱም በአንደኛው ቦታ ሠሩ። ጥፋተኛው ሜሞሪው ሳይሆን መሰኪያው ነው። የስልክሽን መብራት አብሪና ሁለተኛው መሰኪያ ውስጥ አጎንብሰሽ እዪ።»

ፈይዛ አጎነበሰች። ጠባቡ መሰኪያ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ተጠቅጥቋል። አቧራ አይመስልም። እናቷም ከበርጩማቸው ተነሥተው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ።

«ይኼማ ጥጤ ነው» አሉ።

ሜሞሪውን ከጨመረች ጀምሮ ፈይዛ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አልመለሰችውም ነበር፤ ነፋስ ያግኝ ብላ። እናቷ አጠገቡ በፈተሉ ቁጥር ብናኙ ቀስ እያለ ሲገባ ከርሟል።

«እኔ ነኝ ለካ ሠርግ ሳበላሽ የከረምኩት» አሉ ወይዘሮ ኡምኩልሱም። እንዝርታቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ሊሄዱ ሲሉ ፈይዛ ቀሚሳቸውን ያዘች። ሳቋ መጥቶ መናገር አቅቷታል። ስልኩ ውስጥ መሐሙድም ይስቃል። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ለጥቂት ጊዜ ተኮሳትረው ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም መቻል አቃታቸው፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

«ክዳኑን ያልገጠምኩት እኔ ነኝ እማ» አለች ፈይዛ። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይመርጥልኛል?»

ሙሽራ በምትኳኳልበት ለስላሳ ብሩሽ መሰኪያውን ጠረገች። መሐሙድ እንደነገራትም የሜሞሪዎቹን ጫፍ በላጲስ ቀስ አድርጋ አሸችው። ሁለቱንም መልሳ ሰካች፤ ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋ ገጠመች። ከዚያ የእንቁን ሠርግ አስጀመረች።

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መስመር ሲሞላ ያያሉ። ሁልጊዜ የሚቋረጥበት ቦታ ሲደርስ ፈይዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። መስመሩ አለፈው። እናቷ ክንዷን ጨመቁት። ሲያልቅና ፋይሉ ተከፍቶ እንቁ ነጭ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ሲታይ፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም በእልልታ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጡት። አቶ ክንፈ ከጓሯቸው ሮጠው መጡ።

«ደረሰ?»

«ደርሷል ጋሼ ክንፈ» አለች ፈይዛ። አቶ ክንፈ ግንባሯን ሳሟት።

ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ አቶ ክንፈ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ሙስሊም ጎረቤቶች አቶ ክንፈ ለብቻ ያሳረዱላቸውን በግ በልተው ከሌላው ጋር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። የሰርካለም ፊት በስልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተደርጓል። በቪዲዮው ላይ እንቁ አባቷ ጉልበት ላይ ስትደፋ ሰርካለም እልል አለች፤ ኔትወርኩ ስለዘገየ ግን እልልታዋ ድንኳኑ ውስጥ የተሰማው ሙሽራው የጫማውን ክር ሲያስር ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰርካለም ምን እንዳሳቃቸው ባታውቅም አብራ ሳቀች፤ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች።

በዚህ መሐል አንድ ቀጠን ያለ ሰው ትንሽ ዕቃ ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ሰላምታ ሲያቀርብ ፈይዛ በድምፁ አወቀችው።

«ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ሜሞሪ ይዤ መጣሁ» አለ መሐሙድ።

«ትናንት ድኗል ብዬህ አልነበር?»

«ብለሽኛል። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።»

«ኮምፒውተሩን?»

መሐሙድ ጫማውን አየ። «እሱንም» አለ።

ፈይዛ ፊቷ ሲሞቃት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ግን አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለእንግዳው ቦታ ለቀቁለት፤ የማን ልጅ እንደሆነም ከአያቶቹ ጀምረው ይጠይቁት ያዙ። አቶ ክንፈ ቪዲዮው እንደገና ከመጀመሪያው እንዲታይ እየለመኑ ነበር።