ስፖኪዮ በሻወር ቤት

ለአራስና ለጨቅላ የቱ ይብሳል፣ ብርድ ነው ወይስ የቀለም ሽታ? እኔ እንጃ። የሲያትል ዝናብ አላባራ ቢለው፣ የአራሷ ልጄ የሳሮን ባል ፍጹም፣ አዲሱን የመኪናውን ስፖኪዮ ሽፋን ሻወር ቤት አንጠልጥሎ ቀለም ይነፋበታል።

«ምነው፣ ቀለም ቀቢ ከአገሩ ጠፋ?»

«እማማ አይጨነቁ፣ ኢዚ ነው። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።»

«አዎ፣ ያስታውቃል! መኪናህ ነጭ፣ ስፖኪዮህ ያረረ ወተት። ደግሞ ቀለሙ እንደ ንፍጥ ወርዷል።»

«ኦኬ፣ መስኮት ልክፈታ።»

«አራሷን ብርድ ልታስመታ? አይከፈትም!»

«ሶ፣ ምን ላድርግ?»

«ጋራዥህን ከዚህ አውጣ!»

ይህን ስንባባል ሕፃኑ ማሳል ጀመረ። ሳሮን ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ እሱንም እኔንም ሳታይ፣ በሩን ከፍታ ወደ ዝናቡ ወጣች።