የሰብሌ ቁልፍ

«ከማተቧ ጋር አስራው ኖሯል፤ ገናዦቹ ፈትተው ሰጡኝ» አሉ እማሆይ አመተ ማርያም፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ትንሽ ቁልፍ በአማቻቸው መዳፍ ላይ እያኖሩ። «የሣጥኗ መስሎኝ ሞከርኩት፤ እንቢ አለኝ። የምን ነው ልጄ?»

«የጓሮ ነው እማሆይ» አለ አዝመራው። ጣቶቹን በቁልፉ ላይ አጠፈ።

የሚስቱ የሰብሌ ሠልስት ነበር። ከገነተ ማርያም ካህናቱ፣ ከኮን ዘመዶቿ የነሐሴን ጭቃ እያቦኩ ደርሰው ዳሱ ጢም ብሏል። ሴቶቹ ከታችኛው ምንጭ የቀዱትን ውሃ በእንስራ እያመላለሱ ለለቀስተኛው ያድላሉ። ለጠየቀው ሁሉ አዝመራው «ምች መታት» ብሎ ነበር፤ ማንም አልተከራከረውም። ነገር ግን ምች ሰውን እንደ ተቀደደ ስልቻ በግማሽ ቀን አፍስሶ አይጨርስም፤ ዓይንንም ወደ ውስጥ አይስብም። ይህን እሱ ያውቃል። ከዳሱ ምሰሶ ሥር የቆመችው የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ፋናም ታውቃለች።

ጎንበስ ብላ አንሾካሾከችለት። «አያ አዝመራው፣ በታች ሰፈር ሁለት ልጆችን እንደ እሷ ጀምሯቸዋል። ምች ከቤት ቤት አይዞርም።»

«በሠልስቷ ለቀስተኛ ልበትን?»

«ውሃውን ያስቁሙልኝ። እኔ ስናገር ‹ይቺ ልጅ› ይሉኛል። አንቱ ግን ሞዴል ነዎት።»

ቃሉን ያለ ስላቅ ነበር የተናገረችው፤ የከፋውም ይኸው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ በፋና ጉትጎታ ሁለት ቁመት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የጥድ ርብራብ አንጥፎ፣ መኖሪያው ሣር ክዳን ሳለ መጸዳጃውን ቆርቆሮ አልብሶት ነበር። የወረዳ ሰዎች መጥተው አጨበጨቡ። «ሞዴል ቤተሰብ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለው። በማግስቱ በሩን ቆለፈ።

«ለእንግዳ የሚታይ ቤት ይርከስ እንዴ?» አለ።

«ገደሉ ላይ የምንጥለው ወደ ምንጩ እኮ ነው የሚወርደው» አለችው ሰብሌ።

«አያቶቼ ከዚያው ጠጥተው ሰማንያ ዓመት ኖረዋል።»

«የኖሩትን ብቻ ነው የምትቆጥር።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። በየቅዳሜው ወለሉን ጠረገች፤ በቅል አመድ አኖረች፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ዝናብ በጀሪካን አጠራቅማ ከበሩ ጎን ሰቀለች። ቁልፉን ልጆቹ እንዳይጥሉት በአንገቷ አሰረችው። ሕመሙ በያዛት ዕለትም፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ በተቆለፈው በር አጠገብ አልፋ፣ በዝናብ ወደ ገደሉ ወረደች። እሱም ክንዷን ደግፎ አብሯት አለፈ።

«የኮን ሰዎች ጓሮ ቢጠይቁኝ ገደሉን አሳየኋቸው» አለ ጎረቤቱ አረጋ ከዳሱ ጥግ። «ቆርቆሮዋስ ቢሉኝ፣ እሷ የወረዳ ናት፣ እኛ ገና አልተሾምን አልኳቸው።»

የታፈነ ሳቅ በወንዶቹ መካከል ሄዶ ጠፋ። እማሆይም መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ለእኔም አሳየኝ እስቲ ልጄ፤ ገደሉ በየት ነው?»

አዝመራው ያኔ ቆመ።

«ምች አይደለም» አለ። «ሰብሌን የገደላት ተቅማጥ ነው። ከገደሉ ወደ ምንጩ ከምናወርደው የመጣ ነው። ያን ቤት ቆልፌ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ውሃውን ድፉት።»

አንዲት ሴት እንስራዋን ዘቀዘቀች። ከካህናቱ ሁለቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሳይሰናበቱ ወጡ። አረጋ በእጁ የያዘውን ጣሳ የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

«ቁልፉ የዚያ ነው?» አሉ እማሆይ።

«የዚያ ነው።»

«እንግዲያ ክፈትልኝ።»

ቁልፉ ሳይታገል ዞረ፤ ሰብሌ ቅቤ ቀብታው ኖሯል። እማሆይ ገቡ። ሲወጡ አዝመራው ከቅሉ አመድ ዘግኖ በመዳፋቸው አኖረ፤ ጀሪካኑን አውርዶ እሷ ያጠራቀመችውን ውሃ በእጃቸው ላይ ያፈስስ ጀመር። አሮጊቷ ታጥበው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ ወደ ልጃቸው ለቅሶ ተመለሱ። እሱ ግን ውሃው ካለቀ በኋላም ጀሪካኑን እንደ ዘቀዘቀ ቆሞ ነበር።