የሁዳዴ ሳሙና

ሸዋርጋ ከመምህርነት ጡረታ ስትወጣ ሮቤ ከተማ ዳር ባለው ግቢዋ አራት የወተት ፍየሎች ማርባት ጀመረች። ከወተታቸው ሳሙና እየሠራች እስከ ጎባ ድረስ ደንበኛ አፈራች። ሁዳዴ ሲገባ ግን ገበያዋ ቀጥ አለ። ጎረቤቷ ሰርክአዲስማ ከሳምንት በፊት የገዛችውን ሳሙና እንደ ሥጋ ቁራጭ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መለሰችላት።

«በዚህ በጾም በወተት ልታጠብ?» አለቻት።

«ታጠቢበት አልኩሽ እንጂ ጠጪው መች አልኩሽ?» ብትላት ወይ ፍንክች። ፍየሎቹ ደግሞ ጾም መግባቱን ማን ነግሯቸው፣ ጭራሽ ወተት ጨመሩ።

ሸዋርጋ በንዴት አንድ ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የንስሐ አባቷ አባ ፊሊጶስ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«ጾም የሚገደፈው በአፍ ነው፤ ሳሙና ደግሞ አይበላም» አሉ በመጨረሻ። «ያለ ሐሳብ ይታጠቡበት።»

ሸዋርጋ ደስ ብሏት ሳሙናውን ሰጠቻቸው። አባ አሸተቱት፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህን ለፋሲካ አቆየዋለሁ» አሉ።

ሸዋርጋ እጅ ነስታ ወጣች። መንገድ ላይ ስታሰላው፣ አዲስ ሳሙና በደንብ እስኪደርቅ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሁዳዴም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ቤቷ እንደደረሰች ካርቶን ቀዳ ጻፈችና በሯ ላይ ሰቀለችው፦

«ሳሙናችን እየጾመ ነው። ለፋሲካ የምትፈልጉ ከወዲሁ ተመዝገቡ።»

ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው ሰርክአዲስ ናት።