ግማሽ ራሱን የተላጨው የፀሐይ ሻጭ

የእናትህን ትንፋሽ ማብሪያ ማጥፊያ ለማታውቀው ሰው አሳልፈህ ትሰጣለህ?

እኔ ልሰጥ ነበር። አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ሳንባቸው ደክሟል። አልጋቸው አጠገብ ያለው የኦክስጅን ማሽን ሲያንጎራጉር እንተኛለን፤ ዝም ሲል ሁላችንም ብድግ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ባለቤቴ መጠባበቂያውን ሲሊንደር እየጎተተች ትሮጣለች። ይህን ማየት አንገሽግሾኛል። ስለዚህ የሶላር ኩባንያው ሻጭ፣ «ጣሪያችሁ ላይ እንተክላለን፤ ንብረቱ የእኛ፣ ብርሃኑ የእናንተ፤ ኪራዩን ብቻ መክፈል ነው» ሲለን፣ ለመፈረም ቅዳሜ ቀጠርነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ኮፍያውን ግን እስከ ጆሮው ደፍቶታል።

«ኮፍያህን አውልቅ እንጂ ልጄ፤ ቤት ገብተህ የለ?» አሉ አማቴ ከአልጋቸው።

«በርዶኝ ነው እማማ።»

«በዚህ ሙቀት?»

ባለቤቴ ነገር አታሳልፍም። «እናቴን የሚያህል ሰው ሲለምንህ! አውልቃ!»

አወለቀ። ግራው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ ቀኙ ጎፈሬ ነው። አማቴ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ባለቤቴ ጀርባቸውን እየደገፈች ቆየች።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ቶንዶሱ ራሴ ላይ እንዳለ ቀጥ አለበት።»

ከሰፈራችን ሰው ሶላር ቀድሞ የተከራየው ያ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቤቱ የሚሠራው በሶላሩ ብቻ ነው። በመስኮት አየሁ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«ባትሪው አልቆ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ኪራይ አልከፈለም?»

«ኧረ እሱ! አንድ ቀን አያሳልፍም።»

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

ላቡን ጠረገ። «ማንም አላጠፋውም ጋሼ። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ሳጥን ኪራይ መከፈሉን በየጊዜው ዋናውን መሥሪያ ቤት በኔትወርክ ይጠይቃል። ዛሬ ደግሞ ኔትወርክ የለም። መልስ ሲያጣ ራሱን ይቆልፋል። ለጥንቃቄ ነው።»

«ለማን ጥንቃቄ?»

«ለንብረቱ።»

ባለቤቴ አንስታው የነበረውን ብዕር አስቀመጠችው። «በል ደውልና ክፈቱለት በላቸው።»

«ኔትወርክ የለም እኮ እትዬ።»

«የገዛ ጭንቅላትህን ማስጨረስ አቅቶህ ነው ለእናቴ ትንፋሽ ዋስ ልትሆን የመጣኸው?»

 እኔም አልለቀቅኩትም። «የማይቆለፍ ሳጥን የላችሁም? ለታመመ ሰው የሚሆን?»

«ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«ሳጥኑ አንድ ዓይነት ነው አሉኝ።»

«ይህን እያወቅክ ልታስፈርመን መጣህ! ከእኛ በፊትስ በሽተኛ ያለበት ስንት ቤት ተከላችሁ?»

ሻጩ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። 

በሩ እንደተዘጋ መብራት ሄደ። ማሽኑ ዝም አለ። ባለቤቴ ወደ ሲሊንደሩ ሮጠች። አማቴ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ። ማዶ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያ ላይ፣ የተቆለፈው ሶላር ፀሐይ ጠግቦ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው ቤት ጨለማ ነው።

ባለቤቴ ሲሊንደሩን ለእናቷ አደረሰችላቸው። አልፈረምንም። ግን የፈረሙት አሉ።

አንተ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ! ለእኔ ለብቻዬ ማብራሪያ እንዳትልክልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ላይ፣ ሰፈርተኛው በሙሉ እየሰማህ ቁም። ሳጥንህን ከተከልክባቸው ቤቶች በስንቱ ውስጥ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ተኝቷል? ቅዳሜ ሳጥኑ ሲቆለፍ ማን ደረሰላቸው? በአደባባይ መልስ!