መኪናዋ ዘይት ትበላለች

አባትየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጡ ግራ ክንዳቸው ከቀኙ ይልቅ ጠቁሮ ነበር፤ በመስኮት በኩል ያን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ሲጠብሰው ኖሮ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ታላቁ ወንድ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የክፍል ኃላፊ። ታናሿ ሴት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከልጆቻቸው ቀጥሎ፣ ወንዱ ልጅ እንደሚለው ደግሞ ከልጆቻቸው አስቀድመው፣ የሚወዷት አንዲት ነጭ የቤት መኪና ነበረቻቸው።

ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ኮፈኗን ይከፍታሉ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛሉ፣ በጨርቅ ይጠርጉታል፣ መልሰው ከተው እንደገና ይመዛሉ፤ ከዚያ ዘንጉን ወደ ብርሃን አቅርበው ዓይናቸውን ያጠባሉ።

«ይቺ መኪና ዘይት መብላት ጀምራለች» ይላሉ።

«አንተ ቁርስ መብላትህን ነው የረሳኸው፣ እሷ ምን አደረገች?» ይላል ልጁ፣ ክራባቱን እያሰረ።

መርሳቱ እውነት ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቤቱን ሲያምሱ ይውላሉ። ሴት ልጃቸውን በእናቷ ስም ጠርተዋት ያውቃሉ። አንዴ ቧንቧ ከፍተው ረስተው ኮሪደሩ በውኃ ተጥለቀለቀ። ልጁ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይዞ ነበር፤ ለእንግዳ ሲተርከው የቧንቧው ውኃ በየጊዜው ከፍ ከፍ እያለ ከቁርጭምጭሚት ጉልበት ደርሷል።

አንድ ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ከማርሚታዋ የወጣው ሰማያዊ ጭስ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ አረፈ። ጎረቤቲቱ አንሶላዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ከሸኛት በኋላ ወደ እህቱ ዞረ።

«ውሰጃቸውና ይታዩ» አለ፤ «እሷም፣ እሱም።»

እህትየው አባቷን ይዛ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ የሚሠራውን ሞተር ሁሉ እየሰደበ የሚሠራ፣ ድምፁ ከመዶሻው የሚበልጥ ሰው ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቶ ሞተሩን አስነሳና ጠበቀ፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የራዲያተሩን ውኃ አየ፤ ንጹሕ ነው። ጣቱን ማርሚታው ውስጥ ከቶ ሲያወጣው በቅባት ጠቁሯል።

«ወደ ውጪ አትደፋም፣ ከውኃ ጋር አትቀላቅልም። ታቃጥላለች ማለት ነው» አለ። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ መዘዘና በቁሙ ቀረ። «ኧረ ጉድ! ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘይት ማነው ያጠጣት? ከላይኛው ምልክት ጣት ሙሉ አልፏል እኮ!»

በየመኪናው ሥር ተኝተው የነበሩት ሠራተኞች አንገታቸውን አወጡ።

«ጠዋት ጠዋት ጎድሎ ሳገኘው…» አሉ አባትየው።

«ታዲያ ጨምረው ረስተው ደግመው ጨምረዋላ! ሲበዛ መሄጃ አጥቶ በመተንፈሻው ወጥቶ ይቃጠላል። ጭሱም እሱ ነው።»

አባትየው ዘንጉን ከመካኒኩ እጅ ተቀብለው አዩት። ጠርገው፣ ከተው፣ እንደገና አዩት። ስንቱን ሾፌር መኪና መያዝ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄደው መኪናዋ ውስጥ ተቀመጡ፤ በሾፌሩ በኩል ሳይሆን ከኋላ።

መካኒኩ ለልጅቱ ድምፁን ቀነስ አደረገላት። ለእሱ ቀነስ ማለት አጥር አለማለፍ ነው። «ገና አልጨረስኩም። የተትረፈረፈ ዘይት ሌላውን በሽታ ይሸፍናል። አሁን ልኩ ላይ አደርግላችኋለሁ። ማንም ሳይጨምርባት ትነዳና መልሰሽ አምጪልኝ፤ እውነቱ ያን ጊዜ ይታያል።»

ማታ ልጁ ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። አባትየው ምን እንደተጠየቁ ገብቷቸዋል። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከቤት ቁልፎቹ ለይተው፣ መዳፉ ላይ አኖሩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ የልጁ ሆነች። ኮፈኗ የሚከፈተው ከውስጥ ነውና፣ ቁልፍ የሌለው ሰው ዘይቷንም ማየት አይችልም።

እሑድ ልጁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን ምሳ ጠራ። የቧንቧውን ታሪክ አስቀደመ፣ የዘይቱን አስከተለ። ሳቁ ሲደምቅለት የውኃውን ጆግ አነሳና ወደ አባቱ ብርጭቆ ጎንበስ አለ። ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

«አባባ፣ ጎድሏል አይደል?»

«ኧረ ሙሉ ነው ልጄ።»

«እርግጠኛ ነህ? ጠርገህ እየው እስቲ።»

ቀዳበት። ውኃው ሞልቶ ፈሰሰ፣ የጠረጴዛውን ልብስ አቋረጠ፣ ከዳር ወርዶ የሽማግሌውን ሱሪ አራሰ። ልጁ መቅዳቱን አላቆመም። «ትበላለች! ትበላለች!» እያለ ጆጉ እስኪያልቅ ቀዳ። አንዱ ባልደረባ ከሳቅ ብዛት ትን አለው። አባትየውም አብረው ሳቁ፤ «እንዲያ ነው፣ እንዲያ ነው» እያሉ። ከዚያ ሱሪ ሊቀይሩ ተነሱና ወደ ገበታው አልተመለሱም። ሴት ልጃቸው ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን ስትወለውል የራሷም ከንፈር ፈገግ እንዳለ ታወቃት። ቶሎ ሰበሰበችው።

ልጅቱ ቁልፉን ከወንድሟ ተቀብላ መኪናዋን ወደ ጋራዥ የመለሰቻት ለብቻዋ ነው። መካኒኩ መለኪያውን መዘዘ፤ ልኩ ላይ የተወው ዘይት ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ሦስቱ ደረቅ፣ አራተኛው በዘይት የራሰ። የግፊት መለኪያውን በየቀዳዳው ሰክቶ ሞተሩን አዞረ። አራተኛው ደካማ ሆነ። በዚያ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ለካ፤ ግፊቱ ወዲያው ከፍ አለ።

«ይሄውልሽ ሌባው» አለ። «ፋሻው አልቋል። ፋሻ ፒስቶኑን የሚከብ ቀለበት ነው፤ ሲያልቅ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ይወጣና ይቃጠላል። አሁን ያንጠባጠብኩት ዘይት ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነው ነው ግፊቱ የጨመረው።»

«ታዲያ አባባ…?»

«አባትሽ አብዝተው ጨምረዋል፤ እሱ እውነት ነው። መኪናዋ ትበላለች ያሉትም እውነት ነው። እኛ ሳናይ ያዩት እሳቸው ናቸው። ሞተሩ ወርዶ እስኪሠራ ድረስ በየሳምንቱ እያያችሁ ሙሉላት። ያለ ዘይት ከሄደች ትነክሳለች፤ ብረት ከብረት ይጣበቃል። ያኔ ወደኔ እንዳታመጫት፣ ለቁራሌው ጥሪለት።»

ነገሩን ለወንድሟ ስትነግረው ስልኩን እየነካካ ሰማት።

«ሞተር ላውርድ የማይል መካኒክ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። ከዚያ ቀና አለ። «ለአባባ ነግረሽዋል?»

«ገና ነው።»

«እንዳትነግሪው። ልክ ነበርክ ካልሽው ነገ ቁልፌን አምጡ ይላል። በዚያ ጭንቅላቱ ነድቶ የሰው ልጅ ቢገጭ፣ ደሙ ባንቺ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ነገር የእሷም ፍርሃት ነበርና አፏን ዘጋው። ዝም ማለቱ ቀለላት፤ ቀስ እያለም ለመደችው። ጠዋት ጠዋት ወንድሟ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ያደርሳታል። አባትየው በር ሊከፍቱላቸው ይወጡና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ይላሉ።

«ዘይቷን አያችሁላት?»

«ጠግባለች አባባ፣ አታስብ» ይላል ልጁ። እሷ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልጋለች።

አንድ ቀን ኩርባ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። የዘይት ነው።

«አየኸው?»

«ሽቦ ነው። ያረጀ መኪና መብራቱም ይቃዣል።»

በማግስቱ ከምሳ ሰዓቷ ሰርቃ አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይት ገዛችና ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠች። ወንድሟ አገኘው። «ደግሞ አንቺ ጀመርሽ? ቤታችን አንድ ዘይት ጨማሪ አይበቃውም?» አላት። ጠርሙሱ ከወንበሩ ሥር ሳይከፈት እየተንከባለለ ከረመ። መብራቱም ከኩርባ አልፎ በሜዳውም መብራት ጀመረ።

መኪናዋ የነከሰችው ከከተማ ውጪ፣ ዳገት ላይ ነው። ልጁ ያንኑ ትን ያለውን ባልደረባውን ይዞ ለሥራ ሲሄድ። መጀመሪያ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ መጣ፤ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ከዚያ ድምፁ ከሬዲዮው በለጠ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፣ መኪናዋም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባልደረባው ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ባያስደግፍ ገደል ነበር። ከሰዓት በኋላ በጎታች መኪና ላይ ተጭና፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ግቢው በር ደረሰች። ጎረቤቶች ወጡ። ባለ አንሶላዋም ወጣች።

አባትየው በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ መጡ። «ምን ሆነች?»

ልጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆመ። በባልደረባው ፊት ማፈሩ ነበር የሚያንገበግበው፤ እፍረቱን የሚያራግፍበት ሰው ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«ገደልካት! ይኸው፣ ገደልካት!»

«እኔ? ቁልፉ እኮ አንተ ጋ…»

«ከዚያ በፊት ያጨቅክባት ዘይት ነው የበላት! ዓመት ሙሉ ጨምረህ ጨምረህ አፈነዳሃት። እኔንም ገደል ልትከተኝ ነበር!» ወደ እህቱ ዞረ። «አብራችሁ አልሄዳችሁም? አባባ አብዝቶ ጨምሯል አላለም መካኒኩ? አላለም?»

ሰው ሁሉ አያት። አባቷም አዩዋት፤ በዓይናቸው የሚለምኑ ይመስል ነበር፣ ምን እንደሚለምኑ ግን ራሳቸውም አያውቁም።

«ብሏል» አለች።

ውሸት አልነበረም። ለዚያም ነው የወጣላት።

አባትየው የበሩን ዘንግ ያዙ። «ይቅር በሉኝ» አሉ። «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ሳላውቅ ነው።» ልጁ አልፏቸው ገባ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ጎረቤቲቱ «እኔም አንሶላዬን ያበላሹብኝ ቀን ብዬ ነበር» አለችና በሯን ዘጋች።

ነጯ መኪና ተቆራርጣ ተሸጠች። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ከመሥሪያ ቤቱ አዲስ መኪና ተሰጠው።

አባትየው ግን ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ቧንቧ ከመክፈታቸው በፊት ያስፈቅዳሉ። ምሳ በልተው፣ መብላታቸውንም እያወቁ፣ «በልቻለሁ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያውቁት ነገር እውነት ለመሆኑ ዋስ ይፈልጋሉ። ምድጃ አጠገብ አይደርሱም። የግቢውን በር መክፈትም ትተው ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአዲሲቱን መኪና ድምፅ ያዳምጣሉ። ልጁ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «እያየነው ሄደ» ይላል፣ እያዘነ። ሰውም እንዴት ያለ ልጅ ነው ይላል።

ሴት ልጃቸው አንጀቷ አልችል ብሏት የነገረቻቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን ስትቆርጥላቸው ነው። የራሰውን ካንዴላ፣ ግፊቱን፣ ፋሻውን፣ መካኒኩ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቀዩን መብራትም አልደበቀችም። «ልክ ነበርክ አባባ። ትበላ ነበር። የገደላት እሱ ነው። እኔም አውቄ ዝም አልኩ።»

አባትየው ጣታቸውን ከእጇ ሳያወጡ አዳመጡ። «አራተኛው?» አሉ፤ ለአፍታም ዓይናቸው ውስጥ የድሮው ሾፌር ቀና አለ። «አራተኛው ፋሻ…» ከዚያ ትከሻቸው ተመልሶ ወረደ።

«ልታጽናኚኝ ነው አይደል?» አሉ ፈገግ ብለው። «እናትሽም እንደዚህ ነበረች። ጥፋቴን እሷ ትሸከመው ነበር።»

«እውነቴን ነው! ተነስ፣ መካኒኩ ጋ እንሂድ፣ ራሱ ይንገርህ።»

«ተይ ልጄ። ቢነግረኝስ? መንገድ ላይ እረሳዋለሁ።» ሌላኛውን እጃቸውን ሰጧት። «ይሄኛው ቀርቶሻል።»

ማታ ለራት ሲቀመጡ አባትየው ደስ ብሏቸው ነበር። መልካም ወሬ እንደያዘ ሰው ለወንድ ልጃቸው አወሩት።

«እህትህ ዛሬ ምን አለችኝ መሰለህ? መኪናዋን የገደልካት አንተ አይደለህም አባባ፣ እሱ ነው አለችኝ። እኔን ለማስደሰት በገዛ ወንድሟ ላይ ዋሸች!» ሳቁ። «እንዳትቆጣት። ለኔ ብላ ነው።»

ልጁ ማኘኩን አቆመና እህቱን አያት። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ቆየ። ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፤ ያላትን ሁሉ ቀን ላይ ተናግራ ጨርሳለች።

«አልቆጣም አባባ» አለ ልጁ በለሰለሰ ድምፅ። «ጥሩ ልጅ ናት።»

የዳቦውን ሳህን ወደ አባቱ አስጠጋላቸው። አባትየው አንድ ቁራሽ አነሱና፣ ወደ አፋቸው ከማድረሳቸው በፊት፣ መብላት ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ የልጃቸውን ፊት አዩ።