ሦስት ሚሊሜትር ያልሞላው ፊደል

ደንብ ጠብቆ የሚሠራ ሰው ማንንም ሊበድል አይችልም ብላ መርማሪዋ ለዓመታት ታምን ነበር፤ መሳሳቷን የተቀበለችው እጅግ ዘግይታ ነው። የወይን ጠጅ ፈቃድ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ተቀምጣ፣ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ገላጭ ጽሑፍ ወይኑ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ትመረምራለች። የአልኮሉን መጠን የሚናገሩት ፊደላት ቁመታቸው ከሦስት ሚሊሜትር እንዳያንስ፣ የዘመኑ ቁጥር ወይኑ ከተለቀመበት ዓመት ጋር እንዲገጥም፣ ሜዳሊያ የሳለ አምራች የሽልማቱን ማስረጃ እንዲያያይዝ በብረት ማስመሪያና በማጉያ መነጽር ታጣራለች። አማላጅ የማትሰማ፣ ፊት አይታ የማትፈርም በመባል የተመሰገነች ነበረች።

አንድ ፋይል ሲመጣ ግን ዓይኗ ደም ይለብሳል። የታናሽ እህቷ ፋይል ነው።

አባታቸው ሲሞት የወይን እርሻውንና በርሜሎቹ ያሉበትን ምድር ቤት ለታናሿ ተወ። መርማሪዋ በርስቱ አልተቆጨችም፤ ተምራ ከተማ የገባችው እርሷ ናት፣ የከተማውንም ቤት ወስዳለች። ያንገበገባት ሌላ ነው። ልጆች ሳሉ፣ አባትየው ገና ያልጠራውን ጉሽ በመስታወት ቱቦ ከበርሜሉ እየሳበ ለታናሿ ብቻ ያቀምስ ነበር። «ይቺ ምላሴን ወርሳለች» ይላል ለመጣው ሰው ሁሉ። ታላቂቱ በዚያ ሰዓት በርሜል የሚታጠብበትን ውሃ ታመላልሳለች። ዐርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያ ቱቦ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰነቀረ ነበር።

ታናሿ የአዲሱን ወይን ጠጅ ገላጭ ጽሑፍ ስታስገባ፣ ወረቀቱ ላይ የአባታቸው እጅ ተስሎ ከሥሩ «ከአባት ወደ ልጅ» ይላል።

«ልጅ አንዷ ብቻ ናት?» አለች መርማሪዋ በሆዷ፤ ማስመሪያዋንም አነሣች። የአልኮሉ ቁጥር ሁለት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር ሆነ። ውድቅ አደረገችው።

መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ያለች ጉድለት የቆየ ልማድ ነበረው። መርማሪው በኅዳጉ ላይ «በሚቀጥለው ኅትመት ይስተካከል» ብሎ ይፈርማል፣ ወይኑም ያልፋል። መርማሪዋ በዚያው ወር ለዘጠኝ አምራቾች እንዲህ ብላ ፈርማለች። ለእህቷ ብዕሯ አልታዘዘም። ሁለተኛውን ወረቀት የጠርሙሱ የይዘት መጠን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ተጽፏል ብላ መለሰችው፤ ሦስተኛውን የሜዳሊያው ማስረጃ ማኅተሙ ደብዝዟል ብላ። እያንዳንዱ እምቢታ የደንብ አንቀጽ ነበረው፣ አንቀጹም እውነት ነበር፤ ሕሊናዋም ከአንቀጹ ጀርባ ዘና ብሎ ተቀመጠ።

የሥጋ ዘመድ ፋይል የገጠመው መርማሪ ዝምድናውን አስታውቆ ፋይሉን ለሌላ የሚያስተላልፍበት ቅጽም ነበረ። አልሞላችውም። ፈቃዱ በታናሿ ባል ስም ስለወጣ ማንም አልጠረጠረም። እህቷን ደግሞ በስልክ «ቢሮ ስትመጪ እህቴ እንዳትይኝ፤ ያዳላሁልሽ ይመስላል» ብላ አስጠነቀቀቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ታናሿ አራተኛውን ወረቀት ይዛ ገባች።

«እንዴት አደራችሁ? ለአምስተኛ ጊዜ ከመጣሁ መቼም የሠራተኛ መታወቂያ ትሰጡኛላችሁ።»

«መታወቂያማ ይገባሻል» አለ ከጎን ጠረጴዛ የሚሠራው፣ ባልደረቦቹ ማኅተም የሚሉት ሰውዬ። «ከኛ ይልቅ በሰዓቱ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

ታናሿ ሳቀች፤ ወረቀቱን ለመርማሪዋ ስታቀብል ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ሐሙስ የገዢው መኪና ይመጣል። አራት ሺህ ጠርሙስ ወረቀት ሳይለጠፍበት ራቁቱን ቆሞብኛል። ይሄ ካላለፈ ውሉ ይፈርሳል፤ ዘንድሮ ሌላ ገዢ የለኝም።»

መርማሪዋ ለካች። ፊደሉ ሦስት ነጥብ አምስት ገብቷል። የይዘቱ መጠን ከፊት ነው፤ ማስረጃው ጥርት ያለ ነው። የምትነቅሰው ስታጣ ማጉያ መነጽሯን አነሣች። ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወረደች፤ «ሰልፋይት ይዟል» የሚለው መስመር ሊኖርበት የሚገባው ስፍራ ነጭ ነበር። አታሚው በዚህኛው ኅትመት ፊደሉን ይበልጥ ሲያሳድግ መስመሩን ገፍቶ አውጥቶታል። ይህ በኅዳግ ማስታወሻ የሚታለፍ አይደለም፤ ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይት የማይስማማው የአስም ሕመምተኛ የሚጠነቀቀው በዚያች መስመር ነው።

«የሰልፋይቱ መስመር የለም» አለች።

ታናሿ ወረቀቱን አላየችም፤ እህቷን ነው ያየችው። «ሐሙስ መሆኑን ስነግርሽ አገኘሽው?»

«ቦታው ባዶ ነው፣ እዪው። አስም ያለበት ሰው ቢጠጣው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።»

«መጀመሪያ ፊደሌ አጠረ። ከዚያ ማኅተሜ ደበዘዘ። አሁን ደግሞ ሰው ልገድል ነው። ጎረቤታችን ወረቀቱን አሳይቶኛል፣ እትዬ። የሱ ፊደል ከኔም ያንሳል፤ 'ይስተካከል' ብለሽ ፈርመሽለታል። ምን አድርጌሽ ነው?»

ከጎን ያለው ማኅተም ሥራውን አቁሞ ወደ እነርሱ ዞረ።

«አባባ የሚያቀምሰው አንቺን ብቻ ነበር» አለች መርማሪዋ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ቃሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማችው።

«ስምንት ዓመቴ ነበር እኮ። መረረኝ ካልኩ ያዝንብኛል ብዬ ነው የምውጠው።» ታናሿ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሱን ተዪው። የሰልፋይቱ ነገር የደንቡ ነው ወይስ የሆድሽ?»

«የደንቡ ነው።»

«በምን ልመንሽ?»

ሦስቱ እውነተኛ አንቀጾች የአራተኛውን እውነት በልተውታል። መርማሪዋ አዝና ብታሳልፈው አንድ የማታውቀው ሰው ይጎዳል፤ በራሷ ፊርማ ብትመልሰው እህቷ ዕድሜ ልኳን ቅናት ነው ትላለች፤ ከአራቱም ሦስቱ በርግጥ ቅናት ነበሩ። አሁንም እንኳ ያቺን ምላስ ትመኛት ነበር።

የዝምድናውን ቅጽ አወጣች። አመልካቿ እህቷ መሆኗን፣ ለዘጠኝ አምራቾች ያለፈችውን ጉድለት ለእርሷ በቅናት እንዳላለፈች ጻፈች፤ አራተኛው ወረቀት በሌላ መርማሪ በዚያው ቀን እንዲታይ ጠይቃ፣ ፈርማ ለኃላፊዋ ሰጠች። ሌላው መርማሪ ከቀትር በፊት አይቶ በሰልፋይቱ ብቻ ውድቅ አደረገው፤ መስመሩ በተጨማሪ ወረቀት ታትሞ እንዲለጠፍም ፈቀደ። ታናሿ ረቡዕ አሳተመች፣ ከባሏና ከሠራተኞቿ ጋር ሲለጥፉ ዋሉ፣ ሐሙስ መኪናው ጭኖ ሄደ። መርማሪዋ ዓርብ ዕለት ከምርመራ ሥራ ተነሥታ መዝገብ ቤት ተመደበች።